የተገለበጠ መሶብ

መሶብ ተገልብጦ ሲያበራ አየሁ፣ እታለም። እኛ ዘንድ መሶብ አፉን የሚደፋው ተወልውሎ ፀሐይ ሲሰጣ ነው፤ አለዚያም ቤቱ ሲራቆት፣ የሚጋገር ሲጠፋ። እዚህ አዲስ አበባ ግን አፉን ወደ ወለል ደፍተው ኮርኒስ ላይ ይሰቅሉታል፤ ሆዱ ውስጥ አምፖል ይከቱበታል፤ አባዡር ነው ይሉታል። በእኔም ሳሎን ተንጠልጥሏል። ያምራል፤ መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ያምራል። ማብሪያውን ስነካው በሣሩ ክፍተት ሁሉ ብርሃን ይፈስሳል፤ ግድግዳው በጥላ ጥልፍ ይሞላል፤ ያ ኖራ ብቻ የሆነ የኮንዶሚኒየም ክፍል ቅዝቃዜው ይለቀዋል። የጠረጴዛው መሃል ይደምቃል፣ ጥጋ ጥጉ ይደበዝዛል፣ ወንበሮቹ የተቀራረቡ ይመስላሉ። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ቀና ብሎ ያይና «ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል!» ይላል። እኔንም ደስ ይለኛል። እንግዳው ሲሄድ ግን ሆዴ ይባባል።

ቀርበሽ ብታዪው መጀመሪያ የምትዪውን አውቃለሁ፤ «ምነው ላላ?» ነው የምትዪው። እውነትሽን ነው። መሶብ ጠበቅ ተደርጎ ካልተሰፋ ሙያ አያሰኝም፤ አንቺ የሰፋሽው ሙዳይ ውሃ ቢጨመርበት የሚያፈስስ አልነበረም። ይህን የነደፈው ሰው ግን ሆን ብሎ አላልቶ አሰፍቶታል፤ ብርሃን መውጫ ይፈልጋላ። ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች እየሰፋ ይመጣል፤ ቀይ አለላ፣ ጥቁር አለላ፣ ከዚያ የሣሩ የራሱ ቀለም። ንድፉን አደንቃለሁ። አላብረቀረቀውም፣ ጌጥ አልጫነበትም፤ ሣሩን ሣር አድርጎ ትቶታል። የእኔ ዓይን የሚሄደው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ ቀዩ አለላ ድንገት ይፈዝዛል። ሰፊዋ አልቆባት፣ ሌላ ቀን ከተነከረ እስር ቀጥላለች። የተቀጠለውን ጫፍ በወስፌ ወደ ውስጥ ሸሽጋዋለች፤ ቀን ቀን አይታይም። ማታ አምፖሉ ሲበራ ግን ያ የተሸሸገ ጫፍ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። አንቺም እንዲሁ ነበር የምትቀጥዪው። የነዳፊው ስም በካርቶኑ ላይ በትልቁ ታትሟል፤ የሰፊዋ ስም ያ ነጥብ ብቻ ነው።

አምፖሉን ስገዛ ሻጩ «ነጭ ነው ቢጫ?» አለኝ። ካርቶኑ ላይ ቁጥር አለ፤ ነጩ 6,500 ኬልቪን ይላል፣ ቢጫው 2,700። ነጩ የቢሮና የመጋዘን ብርሃን ነው፤ ያለ ምሕረት ያሳያል። ቢጫው ወደ እሳት ያደላል፤ የጧፍ ነበልባል ደግሞ ከእሱም ዝቅ ብሎ 1,900 ገደማ ነው። 2,700 የሚለውን ሳይ ሳቄ መጣ። የእኛዋ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ወደ 2,700 ሜትር ነው። ዝም ብሎ መገጣጠም ነው፣ ኬልቪንን ከሜትር ምን አገናኘው፤ ናፍቆት የያዘው ሰው ግን ምልክት አያጣም። ቢጫውን ይዤ ወጣሁ።

ወይ ማታ! ወይ የእኛ ቤት ማታ፣ እታለም! የጉና ተራራ ብርዱን ሲለቅቀው በር ይዘጋል። በጉ ገብቷል፣ ላሟ ገብታለች፣ ዶሮዋ ቆጥ ላይ ወጥታለች። እማዬ ኩራዙን ቶሎ አታወጣም፤ ላምባ በብልቃጥ ተለክቶ ከከተማ ነው የሚመጣ። መጀመሪያ በምድጃው ነው የምንተያየው። ጭራሮው ቦግ ሲል የሁላችንም ፊት ይወጣል፣ ፍም ሲሆን ይመለሳል፤ ጀርባችን ሁልጊዜም ጨለማ ነው፣ ብርዱም በዚያ በኩል ነው። ድንቹ ከረመጡ ይወጣል፤ እያገላበጥን፣ እፍ እፍ እያልን እንልጠዋለን። ኩራዙ የሚመጣው ራት ከተነሣ በኋላ ነው፤ ያ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ክዳኑ በምስማር ተበስቶ የአሮጌ ነጠላ ክር የተሰካበት። ክሩ ሲረዝም ይጨሳል፣ ሲያጥር ይሞታል። እሱን በወስፌሽ ጫፍ ሳብ መለስ የምታደርጊው አንቺ ነሽ፤ ስፌት ይዘሻልና ቦታው የአንቺ ነው። እኔ ደብተር ይዤ በደረቴ ተኝቻለሁ። አባባ በርኖሱን ተከናንቦ የነገውን እርሻ ያወራል፤ ማንም አይመልስለትም፣ እሱም መልስ አይጠብቅም። እማዬ ጥጥ ታዳውራለች፤ እንዝርቷ ሲሾር ጥላው ግድግዳው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። የአንቺ እጅ ወስፌውን ባነሣ ቁጥር ጥላው ጣሪያው ድረስ ወጥቶ ጥቀርሻውን ይነካል።

እኔ ደግሞ ፊደሉ አልታይ ሲለኝ እጠጋለሁ። ስጠጋ ብርሃንሽን እከልላለሁ። ያን ጊዜ ቀና ሳትዪ፣ «ጥላህን አንሣልኝ!» ትዪኛለሽ።

ይኸው ዛሬ አሥር ሰው የሚያስቀምጥ ብርሃን ከበላዬ ተሰቅሏል። እንዳሻኝ እጋደማለሁ፣ እንዳሻኝ እቆማለሁ። ጥላዬን አንሣ የሚለኝ የለም። ጥላዬ የሚያርፍበት ሰው የለማ። እንዲህ ሲሆን አፌ በራሱ ያንጎራጉራል፤

መብራቴ ሰፊ ነው ቤቱን ሞላው አሉ፣
እኔ ጠበበብኝ ሰዎቼ ሳይሞሉ።

ነገሩን ግን አላሳምረውም። ጨለማን የሚያወድስ፣ ብርሃን በእጁ ያለው ሰው ነው። ጠዋት ስንናፈጥ ከአፍንጫችን የሚወጣውን ጥላሸት አልረሳሁትም። የኩራዙ ጭስ ከምድጃው ጭስ ጋር ተደርቦ የእማዬን ዓይን ሲያስለቅሰው ኖሮ ኖሮ፣ በመጨረሻው ጊዜዋ መርፌ ማስገባት አቅቷት ለጎረቤት ልጅ ትሰጥ ነበር። ኩራዝ ተደፍቶ የነደደ ጎጆ ታሪክ የሌለው ቀበሌ የለም። እኔ ደብተሬን ያነበብኩት ከላምባ ዋጋ ጋር እየተሽቀዳደምኩ ነው፤ «ይበቃሃል፣ አጥፋው» የሚለው ድምፅ ገና ገጹ ሳያልቅ ይመጣል። ስለዚህ አባዡሩ ያንን ጊዜ ይመልስልኝ ብዬ አይደለም የማንጎራጉረው። አይመለስ፣ እዚያው ይቅር። የገዛሁት ድንግዝግዝ ጢስ የሌለው፣ ሽታ የሌለው፣ ሳል የሌለው ነው። ግን ያን ድንግዝግዝ ድንግዝግዝ ያደረገው ጭሱ አልነበረም፤ እናንተ ነበራችሁ።

ይህ በሽታ የእኔ ብቻ አለመሆኑ ትንሽ ያጽናናኛል። ፖውል ሄኒንግሰን የሚባል ዴንማርካዊ በልጅነቱ የለመደው የላምባ መብራት ነበር። ኤሌክትሪክ ሲመጣ የአምፖሉ ነጸብራቅ ዓይን የሚወጋ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ሦስት ሽፋን ደራርቦ አምፖሉን ከዓይን ሰወረው፤ ብርሃኑ ብቻ ተንሸራትቶ እንዲወርድ አደረገ። ያ መብራት እስከ ዛሬ ይሠራል፣ በውድ ይሸጣል። ኢሳሙ ኖጉቺም አለ፣ አባቱ ጃፓናዊ እናቱ አሜሪካዊት፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ጊፉ በምትባል የጃፓን ከተማ ከቀርከሃና ከወረቀት የሚሠራውን የጥንት ፋኖስ አይቶ ለአምፖል እንዲሆን አድርጎ ነደፈው። አካሪ ብሎ ጠራው፤ በዓለም ዙሪያ ስንቱ ሳሎን ውስጥ ተሰቀለ። ከእኛ መሶብ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው። የጊፉ ሰዎች ግን ፋኖሳቸው ድሮም ፋኖስ ነበር፤ የተቀየረው እሳቱ ነው። የእኛው እቃ ከገበታ ወደ ጣሪያ ነው የሄደው።

ብርሃን መፈለግ ለእኛ አገር አዲስ እንዳይመስልሽ፤ የብርሃን ተማሪ እንደ ጋይንትና እንደ እስቴ ያለው የት አለ? በቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ከየአገሩ የሚመጣው ልጅ፣ በኮፈዳው ቆሎ ይዞ፣ ለምኖ የበላ፣ በደበሎ የተኛ፣ ጧፍ ማግኘት ለእሱ ግብር ነበር። ንባቡን በቀን ይጨርሳል፤ ማታ የቃል ትምህርት ነው፣ ለቃል መብራት አያስፈልገውም። በጨለማ ጎጆ መምህሩ ይነግሩታል፣ እሱ ይቀበላል። ስንት ሊቅ የወጣው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ሳያይ በሰማው ነው! አንቺ ቆሎ ስትሰጪያቸው በር ላይ ቆሜ አያቸው ነበር፤ ጣታቸው ሰም ሰም ይሸት ነበር።

ደብረ ታቦር ራሷስ! ስሟን ጌታ በብርሃን ከተገለጠበት ተራራ ወስዳ፣ ነሐሴ 13 ቡሄዋን ታነግሣለች። በዋዜማው ችቦ ይወጣል። ልጅ ሁሉ ጅራፉን እያጮኸ፣ ሙልሙሉን እየጠበቀ፣ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ ከአፋፍ ሆነሽ ብታዪ እሳት በእግሩ ይሄዳል። ክረምት ነው፣ ጉሙ ዝቅ ብሏል፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ ችቦው ግን አይጠፋም። እዚያው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጋፋት አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች እጅ ብረት ያስቀለጡበት፣ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት። ያም እሳት ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደግሞ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋት ሄዱ። ያም እሳት ነበር። በ2013 ዓ.ም. በዚያው በቡሄው ወር ከባድ መሣሪያ ወደቀባት፤ ሰው በገዛ ቤቱ እንዳለ ሞተ። እኔ ያን ሌሊት ስልኬን ታቅፌ ነበር ያደርኩት፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። እሳት ሞልቷት የኖረች ከተማ፣ ሰው ዘንግቶ የሚቀመጥበት ትንሽ መብራት ነው ያነሳት።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂ። ከደጅሽ ሆነሽ የምታዪው ጉና፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ወጥቶ ዝናቡን የሚይዘው፣ ርብንና ጉማራን ይወልዳል። ሁለቱም ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ከጣና ውሃው በተራራ ሆድ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ወደ በለስ ይወርዳል፤ ከ2002 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ እዚያ ተርባይን ያዞራል፣ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት። ከዚያ ወጥቶ በበለስ ወንዝ በኩል አባይን ይገናኛል፤ ጉባ ላይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ፣ 5,150 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው፣ ዳግመኛ ተርባይን ያዞራል። ከሁለቱም ቦታ የሚወጣው ኃይል በአንድ መረብ ይደባለቃል፣ የቱ ከየት እንደመጣ የሚለይ የለም። ግን እኔ ለይቼዋለሁ። ማታ አባዡሬን ሳበራ፣ አንቺ ጠዋት እንስራሽን ከሞላሽበት ምንጭ የተረፈው ውሃ ነው የሚነድልኝ እላለሁ። ሣሩ ከእናንተ፣ ስፌቱ ከእናንተ፣ ውሃው ከእናንተ። ያላችሁ ሁሉ ተጠራርጎ መጥቶ ከራሴ በላይ ተሰቅሏል። አንቺ ደግሞ ያቺን መዳፍ የምታህል ሶላር ቆርቆሮ ላይ አስቀምጠሽ፣ ደመና የሆነ ቀን በጊዜ ትተኛለሽ።

ይህን ስነግርሽ ባለፈው በስልክ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? «ታዲያ ሣሩ ሄዶ አንተ ቀረህ?» ነው ያልሽኝ። ቀለድሽ፤ እኔ ግን መልስ አጣሁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ወደ እናንተ የሚያመጣኝ መንገድ ሲፈልግ ይከፈታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል። ወረታ ድረስ ደርሰው የተመለሱ አሉ። ቻይናዎች ያወጡት የወረታ ወልድያ መንገድ፣ በልጅነታችን መኪና ሲያልፍበት ሮጠን የምንቆጥርበት፣ አሁን «ዛሬ ሰላም ነው?» ተብሎ በስልክ የሚጠየቅ ሆነ። ስልኩም ቢሆን ኔትወርኩ ሲፈቅድ ነው። ሲገኝ ቶሎ ቶሎ እናወራለን፤ ደኅና ነሽ፣ ደኅና ነህ፣ ገብሱ እንዴት ነው፣ በጓ ወለደች። መሃል ላይ ይቋረጣል። የተቋረጠበትን ቃል ይዤ ሳምንት እሰነብታለሁ። አንድ ጊዜ «እማዬ ትል እንደነበረው…» ብለሽ ቀረሽ። ምን ትል እንደነበር እስካሁን አልነገርሽኝም።

አዲስ አበባም መብራት ይሄዳል፤ እዚህ ሁሌ የሚነድ እንዳይመስልሽ። ሲሄድ ፎቁ በሙሉ አንድ ላይ «አ!» ይላል፣ ሲመጣም ልጆቹ ከየበረንዳው «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። በዚያ መሃል ባለችው ጊዜ ደረጃው ላይ ስማቸውን የማላውቃቸው ጎረቤቶቼ ስልካቸውን እያበሩ ይወጣሉ፤ እንደምን አመሹ እንባባላለን። አንድ ምሽት ከላይ ፎቅ ያሉት እማማ ክብሪት ሊለምኑኝ መጡ። ሻማ ለኩሼ አስቀመጥኳቸው። ስለ ልጃቸው አወሩኝ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ውሃ ቆጣሪው። ቆዩልኝ። መብራቱ ሲመጣ አባዡሩ ቦግ አለ፤ ቀና ብለው አዩትና፣ «ምን ዓይነት ዘመን ነው፣ መሶቡን ሰቀላችሁት?» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ትንሽ ባይመጣ ብዬ ነበር።

ዋጋውን በብር አልነግርሽም፣ ትጮሂያለሽ። በበግ ልንገርሽ፤ ሦስት የጠገቡ የፋርጣ ሙክቶች። ሻጩን «የሰፋችው ሴት ስንት ደረሳት?» ብለው፣ «እሱን እኛ አናውቅም፣ የምንረከበው ከነጋዴ ነው» አለኝ። ይሄን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት፣ ሌላው ሁሉ ሆድ ብሶኝ የወጣ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ስንደዶሽን ነቅለሽ፣ አለላሽን ነክረሽ ገበያ ስትወጪ፣ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ስፌትሽን ገልበጥ መለስ ሲያደርግ ታዪዋለሽ። ለምን እንደሚፈልገው ጠይቂው። ለእንጀራ ነው ካለሽ እንደ ልማድሽ ተከራክረሽ ስጪው። ላላ አድርገሽ ስፊልኝ ካለሽ ግን ለምን እንደሆነ ገብቶሻል፤ ከአንድ ሙክት በታች ፊት አትስጪው። እምቢ ብሎ ቢሄድም አትጥሪው፤ ገበያው ሳይበተን ተመልሶ ይመጣል።